ተጠባባቂውን ሰርቨር ሳይቸግር ፈትኑት

አዳማ ላይ የቢሮ ኔትወርክ ለምትይዙ፦ ዋናው ሲበላሽ የሚተካ ሁለተኛ ሰርቨር አለን ብላችሁ አትዘናጉ። እኛ ቢሮ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋናው ሰርቨር አልነሳም አለ። ተጠባባቂው ደህና እየሠራ ነበር። ግን ፋይል መክፈት ቀርቶ ኢንተርኔት እንኳ የሚገባ ኮምፒውተር ጠፋ። ለካ ሁሉም ላይ የተሞላው የዲኤንኤስ (ስም ሲሰጡት የኔትወርክ አድራሻውን የሚነግር አገልግሎት) አድራሻ የዋናው ብቻ ነው! የሁለተኛው ቦታ ባዶ።

የሁለቱንም አድራሻ አስገቡ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሲወጣ፣ የዋናውን ሰርቨር የኔትወርክ ገመድ ንቀሉና ከሠራተኛ ኮምፒውተር ሞክሩ። በዚያ ማሽን ገብቶ በማያውቅ ሰው አካውንት ግቡ፤ ዊንዶውስ ከዚህ በፊት የገባን ሰው ፓስወርድ ስለሚያስታውስ ያለ ሰርቨርም ሊያስገባችሁ ይችላል። ፋይልም ክፈቱ። ደግሞ ሁለቱን ሰርቨሮች በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አትሰኩ፣ አደራ!