ትራይፖድ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሰው ካሜራና ሌንስ ላይ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ያፈስና ትራይፖዱን፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ በተረፈው ይገዛል። ከዚያ ለሰርጉም፣ ለቃለ መጠይቁም፣ ለተራራውም ያንኑ ይዞ ይዞራል። ምስሉ ሲደበዝዝ የሚወቀሰው ግን ሌንሱ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሱቅ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ሙከራ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ ለግዢ ሲወጡ ካሜራዎንና ያለዎትን ከባድ ሌንስ ይዘው ይሂዱ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ማመን

«8 ኪሎ ይሸከማል» ማለት 8 ኪሎ ቢጫንበት አይወድቅም፣ አይንሸራተትም ማለት ነው እንጂ አይንቀጠቀጥም ማለት አይደለም። አምራቾቹም ሁሉም በአንድ መንገድ አይለኩም፤ የአንዱን 8 ኪሎ ከሌላው 8 ኪሎ ጋር ማወዳደር አይቻልም። በተጨማሪ እግሩና ሄዱ (ከእግሮቹ በላይ ያለው፣ ካሜራው የሚታሰርበትና የሚዞረው ክፍል) ለየብቻ የመሸከም አቅም አላቸው፤ የሚቆጠረው ትንሹ ነው።

በጥንቃቄ ማስላት ይሻላል። 700 ግራም የሚመዝን ካሜራ፣ 1.5 ኪሎ የሚሆን ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚያጎላ ሌንስ፣ ማይክና ትንሽ ሞኒተር ሲደመሩ 3 ኪሎ ይጠጋሉ። ለዚህ ቢያንስ እጥፉን፣ ማለትም 6 ኪሎ የሚሸከም ይፈልጉ፤ ንፋስ ባለበት ቦታ በረጅም ሌንስ የሚሠሩ ከሆነ 9 ኪሎ።

ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው ግን የመጨረሻው፣ መሬት የሚነካው የእግር ክፍል ውፍረት ነው። ላዩ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 4 ክፍል እግር በየክፍሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየቀነሰ ወርዶ መጨረሻው 19 ይሆናል። በ22 የሚጀምር ባለ 5 ክፍል ደግሞ ሲታጠፍ ያምራል፣ ቦርሳም ይገባል፤ የታችኛው ዘንጉ ግን ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም።

ሙከራው እንዲህ ነው። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ይቆልፉ፣ ካሜራውን ይጫኑ፣ የሌንሱንም ሆነ የካሜራውን ማረጋጊያ ያጥፉ፤ ካላጠፉት ጉድለቱን ይሸፍንልዎታል። በላይቭ ቪው፣ ማለትም ሌንሱ የሚያየውን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ እያዩ፣ ምስሉን 10 እጥፍ አጉልተው አንዱን እግር በጣትዎ መታ ያድርጉ። ጥሩ ትራይፖድ ላይ ምስሉ ወዲያው ይረጋል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ እየተርገበገበ ከቆየ ይተዉት። ቀጥሎ እግሮቹ የሚገናኙበትን የላይኛውን ክፍል በሁለት እጅ ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ። ረጅም ሌንስን ንፋስ የሚገፋው በዚያው አቅጣጫ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ገደል አፋፍ ቆመው ጭላዳ ሲያነሱ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቁመቱን ከመሃል ዘንጉ ጋር መቁጠር

ማስታወቂያው 165 ሴንቲ ሜትር ካለ አብዛኛውን ጊዜ የመሃል ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ነው። ዘንጉ ሲሳብ ካሜራው በሦስት እግር ሳይሆን በአንድ ቀጭን ብረት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቁመት ያለ ዘንግ የሚገኘው ነው። 170 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰው ዓይኑ 158 አካባቢ ላይ ነው። ከዚህ ላይ የሄዱን 10፣ ከካሜራው ሥር እስከ መመልከቻው ያለውን 10 ሲቀንሱ 138 ይቀራል፤ እግሮቹ ብቻቸውን ይህን ከደረሱ ለሜዳ ይበቃሉ። ቁልቁለት ላይ አንዱ እግር ከሌሎቹ ረዝሞ ስለሚቆም 15 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቢኖር ጥሩ ነው።

ዘንጉ ሥር መንጠቆ ካለ ቦርሳ ማንጠልጠል ይረዳል፣ ግን ቦርሳው መሬት መንካት አለበት። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ንፋሱ ያወዛውዘውና ጭራሽ ይብስበታል።

በፎቶ ሄድ ቪዲዮ መቅረጽ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ቦል ሄድ፣ ማለትም በኳስ ላይ የሚዞረው ሄድ፣ ለፎቶ ፈጣን ነው፤ አንድ ማጥበቂያ ይፈታሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ያጠብቃሉ። ለቪዲዮ ግን ከተፈታ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚላቀቅ ካሜራውን ቀጥ ባለ መስመር ማዞር አይቻልም። ለቪዲዮ የሚያስፈልገው ፍሉይድ ሄድ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልስለት ሄድ ነው። ርካሾቹ ስማቸው ፍሉይድ ሆኖ ውስጣቸው ግራሶ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ነገር ይፈትሹ።

አንደኛ፣ እጀታውን ይዘው ካሜራውን በጣም ቀስ አድርገው ያዙሩና እጅዎን ይልቀቁ። መጥፎ ሄድ ሲነሳ ይይዝና በድንገት ዘሎ ይጀምራል፣ ሲለቁት ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያቺ ትንሽ መመለስ ትልቅ ስክሪን ላይ ታስጠላለች። ሁለተኛ፣ ካሜራውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ሳይቆልፉ ይልቀቁት። ባለበት ከቆመ የሄዱ ሚዛን መጠበቂያ ከካሜራዎ ክብደት ጋር ተስማምቷል። ቁልቁል ከወረደ ጉልበቱ አንሷል፤ ተመልሶ ከተነሳ ደግሞ ለከባድ ካሜራ የተሠራ ነው።

የሄዱ መቀመጫም ይታይ። 75 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ መቀመጫ ያለው ትራይፖድ ሥሩ ያለውን እጀታ አላልቶ፣ የውሃ ልኩን አይቶ ማጥበቅ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ መቀመጫ ከሆነ ማስተካከል የሚቻለው እግር በማስረዘምና በማሳጠር ነው፤ ሙሽሮቹ እየገቡ ይህን የሚያደርግ የለም። ሳይስተካከል ካዞሩት ደግሞ ጅማሬው ላይ ቀጥ ያለው አድማስ መጨረሻው ላይ ይዘማል።

ፕሌቱን መርሳት

ከካሜራው ሥር የሚታሰረው ትንሽ ብረት ከጠፋ ትራይፖዱ ሥራ ፈታ። ፕሌቶች ደግሞ አንዱ ለሌላው አይሆንም። በስፋት የሚገኘው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአርካ ዓይነት ነው፤ አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ቅርጽ አላቸው። ትራይፖዱን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው የሚያስመጡ ከሆነ ሁለት መለዋወጫ ፕሌት አብረው ያስልኩ። እግሩንና ሄዱን ለየብቻ ሲገዙ የእግሩ ብሎን 3/8 ኢንች መሆኑን ያረጋግጡ፤ የካሜራው 1/4 ኢንች ነው። የራሱ ቀለበት ያለው ረጅም ሌንስ ካለዎት ደግሞ ፕሌቱ የሚታሰረው ቀለበቱ ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አይደለም። ካሜራው ላይ ከታሰረ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጎትታል፣ የሌንሱንና የካሜራውን መጋጠሚያም ያለ አግባብ ይጫነዋል።

ካርቦን ሁልጊዜ ይሻላል ማለት

ካርቦን ፋይበር ይቀላል፣ ንዝረትንም ቶሎ ይውጣል። በኃይል ሲመታ ግን ይሰነጠቃል፤ አሉሚኒየም ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። በእግር ለሚጓዝ ካርቦን፣ በመኪና ለሚንቀሳቀስ የሰርግ ቡድን አሉሚኒየም በቂ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያጨቃጭቀው የእግሩ ማጥበቂያ ዓይነት ነው። በክሊፕ የሚዘጋው ከጊዜ በኋላ ሲላላ በትንሽ ቁልፍ ይጠብቃል፤ ቁልፏ ካርቶኑ ውስጥ መኖሯን ይዩ። እየተጠመዘዘ የሚጠብቀው አሸዋና ጨው ከገባበት ይፋጫል። ዳሎል ጨዋማ ውሃ ውስጥ የቆመ እግር በዚያው ቀን በንጹህ ውሃ መታጠብና ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

የሚቆምበትን ወለል አለማሰብ

የሰው ቁመት ላይ የተዘረጋ ትራይፖድ በእግሮቹ ጫፎች መካከል 1 ሜትር ያህል ይይዛል። በጠበበ አዳራሽ እንግዳ ይጠልፈዋል፤ እዚያ ባለ አንድ እግሩ ሞኖፖድ ይሻላል። ትራይፖድ የግድ ከሆነ አንዱን እግር ወደ ሌንሱ አቅጣጫ አዙረው እርስዎ በሁለቱ መካከል ይቁሙ። ለእብነ በረድ ጎማ፣ ለአፈር ሹል ጫፍ ያስፈልጋል፤ ሁለቱንም የሚቀያይር ይምረጡ። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ጎማው ስለሚሰምጥ ካሜራውን ከጫኑ በኋላ ውሃ ልኩን እንደገና ይዩ። የእንጨት መድረክ ላይ እስክስታ ሲጀመር ግን የትኛውም ዋጋ ያለው ትራይፖድ አያድንም፤ ካሜራውን ከመድረኩ አውርደው ሲሚንቶው ላይ ያቁሙት።