ቀዩን የስልክ ቤት ታሪኩን ሳያጡ የመጽሐፍ መዋዋሻ ማድረግ

በብሪታንያ መንደሮች የእጅ ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ ሥራ ፈትተው ከቆሙት ቀይ የሕዝብ ስልክ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ጎረቤታሞች መጽሐፍ የሚለዋወጡባቸው ሆነዋል። ከቀደምቶቹ አንዷ በሱመርሴት የምትገኘው ዌስትበሪ ሰብ ሜንዲፕ ናት፤ መጽሐፍ እያዞረ የሚያውሰው የቤተ መጻሕፍት መኪና መምጣቱን ባቆመ ጊዜ ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ2009 የስልክ ቤታቸውን በመጽሐፍ ሞሉት።

መጀመሪያ ባለቤትነቱ ይተላለፍ። ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ የማይፈለጉትን ቤቶች በ1 ፓውንድ የሚያስረክበው በዋነኛነት ለመንደር ምክር ቤቶችና ለተመዘገቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለሆነ፣ ጥያቄውን በእነርሱ በኩል ማቅረብ ይበጃል። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ምንም ከመለወጥዎ በፊት የአካባቢውን የፕላን ክፍል ያማክሩ።

ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ግን ቤቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ያንብቡ፤ ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከመጻሕፍቱ የማላሳንሰው ሥራ ይህ ነው። በብዛት የሚገኘው ኬ6 የተባለው ዓይነት የንጉሥ ጆርጅ 5ኛን 25ኛ የንግሥ በዓል ምክንያት በማድረግ በ1935 በሰር ጋይልስ ጊልበርት ስኮት የተነደፈ ሲሆን፣ በጣሪያው ሥር ያለው ዘውድ ዕድሜውን ይጠቁማል። የዘውዱ ቅስቶች ሽቅብ ክብ ሆነው ከወጡ ቤቱ በአብዛኛው ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘመን በፊት የተሠራ ነው፤ መሐላቸው ጎድጎድ ካለ ግን እርሷ ከነገሠች ወዲህ ነው። የብረት ማቅለጫው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ካለም ፎቶ ያንሡት። ከዚያ የምክር ቤቱን አሮጌ ቃለ ጉባኤና የቀድሞ ካርታዎችን ያገላብጡ፤ የብሪታንያ የካርታ ድርጅት የሆነው የኦርድናንስ ሰርቬይ ዝርዝር ካርታዎች የስልክ ቤቶችን በምሕጻረ ቃል ያመለክታሉ፣ በአንዱ እትም ጠፍቶ በቀጣዩ ከተገኘም የተተከለበት ዘመን ይጠብባል። ሽማግሌዎችንም ይጠይቁ፤ ሐኪም ለመጥራት ሌሊት የሮጠው ማን እንደነበር፣ ስልኩ ሲጮህ ማን ያነሣ እንደነበር የሚያስታውሱት እነርሱ ብቻ ናቸው። የሰው ገመና የሚነካውን ግን ያለ ፈቃድ አይለጥፉ።

አሮጌው ቀለም መርዛማ የእርሳስ ማዕድን (ሊድ) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት። መደርደሪያውን ብረቱን ሳይበሱ ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርገው ይሥሩ፤ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ካለ አየር ስለሚዘዋወር መጻሕፍቱ አይሻግቱም። የልጆች መጻሕፍት ከታች ይሁኑ። በአካባቢው የሐበሻ ቤተሰቦች ካሉ አንድ ረድፍ ለአማርኛ መጻሕፍት መተው ተገቢ ነው።

የሰበሰቡትን ታሪክ በአንድ ገጽ አሳጥረው፣ በላስቲክ አሽገው በዓይን ቁመት ይስቀሉት፤ ሙሉውን ደግሞ ከፎቶዎቹ ጋር ለአውራጃው ቤተ መዛግብት ያስረክቡ። በየሳምንቱ የረጠበውን የሚያወጣና በሩን የሚወለውል ተረኛም አስቀድሞ ይመደብ።