ለሲኬኤ ፈተና መዘጋጀት፦ ክላስተሩን እያፈረሱ መጠገን

ሲኬኤ የኩቤርኔቲስ፣ ማለትም ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር፣ የአስተዳዳሪዎች ፈተና ነው፤ ፊደል የሚከበብበት ግን አይደለም። የሊኑክስ ተርሚናል ይከፈትላችኋል፣ ሁለት ሰዓት ይሰጣችኋል፣ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ሥራዎች ይቀርቡላችኋል። የሚታረመው የጻፋችሁት ትእዛዝ ሳይሆን ስትጨርሱ ክላስተሩ (ኩቤርኔቲስ አንድ ላይ የሚያሠራቸው ማሽኖች) ያለበት ሁኔታ ነው። ማለፊያው 66 በመቶ ነው። ቪዲዮ እያዩ ማስታወሻ በመያዝ ብቻ የተዘጋጀ ሰው ጥያቄው ገብቶት እንኳ ጊዜ ያልቅበታል።

ሙሉ ስሙ ሰርቲፋይድ ኩቤርኔቲስ አድሚኒስትሬተር ሲሆን፣ ኩቤርኔቲስን የሚያስተዳድረው ሲኤንሲኤፍና ሊኑክስ ፋውንዴሽን በጋራ ያዘጋጁታል። ከአንድ የክላውድ ኩባንያ ጋር ስላልተሳሰረ፣ ከፊሉን ሰርቨር መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከፊሉን በኪራይ ክላውድ ላይ ለሚያስተዳድር ባለሙያ ይስማማል። መሥሪያ ቤታችሁ ኦፕንሺፍት የተባለውን የሬድ ሃት የኩቤርኔቲስ ምርት የሚጠቀም ከሆነ የሬድ ሃት ኢኤክስ280 ፈተና ይቀርባችኋል፤ ቢሆንም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለዚያም ይጠቅማል።

ነጥቡ ያለበት ቦታ

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ክፍፍሉ እንዲህ ነው፦ ብልሽት ፍለጋ 30 በመቶ፣ የክላስተር አወቃቀርና ተከላ 25፣ ሰርቪስና ኔትወርክ 20፣ ወርክሎድና ስኬጁሊንግ 15፣ ስቶሬጅ 10። ከዚያ በፊት በተዘጋጀ ኮርስ የሚያጠና ሰው ሄልምና ከስተማይዝ (የማዋቀሪያ ፋይል ማዘጋጃዎች)፣ ጌትዌይ ኤፒአይ (ከውጭ የሚመጣ ትራፊክ ማስገቢያ) እና ሲአርዲ (አዲስ የሪሶርስ ዓይነት መፍጠሪያ) ያመልጡታል። ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት ማውጫው ላይ ጌትዌይ ኤፒአይ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ያረጀ ነው።

በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለሚሰጥና ሊኑክስ ለሚያውቅ ሰው ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ይበቃል። ሲስተምዲ፣ ጆርናልሲቲኤል፣ ኤስኤስኤችና ቪም እጃችሁ ላይ ካልገቡ ግን መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ለሊኑክስ ስጡ። ብዙ ተፈታኝ የሚሰናከለው ኩቤርኔቲስ ከብዶት ሳይሆን ሊኑክስ ስላልለመደ ነው።

መለማመጃው

የኪራይ ክላውድ የሚያቀርበው ተዘጋጅቶ የተተከለ ክላስተር፣ ማለትም ኢኬኤስ፣ ኤኬኤስ ወይም ጂኬኢ፣ ለዚህ ፈተና ደካማ መለማመጃ ነው። ኮንትሮል ፕሌኑን፣ ማለትም ክላስተሩን የሚመራውን ክፍል፣ ኩባንያው ይዞታል፤ ኢቲሲዲን (የክላስተሩን መረጃ ቋት) ወይም ኤፒአይ ሰርቨሩን (ትእዛዝ የሚቀበለውን) አትነኩትም። ፈተናው ደግሞ እዚያው ላይ ነው የሚያሠራችሁ። ስለዚህ ኩብኤዲኤም በተባለው የመትከያ መሣሪያ በራሳችሁ ተክሉ።

16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ሦስት ኡቡንቱ ቨርቹዋል ማሽን ያስተናግዳል፦ ለኮንትሮል ፕሌን ሁለት ሲፒዩና 4 ጊጋባይት፣ ለሁለቱ ወርከር (ሥራውን ለሚሸከሙት ማሽኖች) ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሲፒዩና 2 ጊጋባይት። 8 ጊጋባይት ብቻ ካላችሁ አንድ ወርከር ቀንሱ። ኩብኤዲኤም ለኮንትሮል ፕሌን ከሁለት ሲፒዩ በታች ካገኘ ተከላውን ያቆማል።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፤ ወጥመዱ ግን ብዙ። ስዋፕን አጥፉ፣ በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ያለውን መስመርም ዝጉ፤ አለዚያ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ስዋፑ ይመለስና ኩብሌት፣ በየማሽኑ ላይ ያለው የኩቤርኔቲስ ወኪል፣ አልነሣም ይላል። ኦቨርሌይ እና ቢአር ኔትፊልተር የተባሉትን የከርነል ሞጁሎች ጫኑ፣ አይፒ ፎርዋርድን ወደ 1 ቀይሩ። ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደውን ኮንቴይነርዲ ስትጭኑ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ሲስተምዲ ሲግሩፕ የሚለውን ‘ትሩ’ አድርጉት። ይህ ከተረሳ ክላስተሩ ተተክሎ ለጥቂት ደቂቃ ደኅና ይመስላል፤ ከዚያ ኢቲሲዲና ኤፒአይ ሰርቨር እየወደቁ መነሣት ይጀምራሉ። ጀማሪው ኔትወርክ ሲፈትሽ ይውላል።

ሶፍትዌሩን የምታወርዱበት ሪፖዚተሪ ለእያንዳንዱ ማይነር ቨርዥን የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የተዘጋውን አሮጌ የጉግል አድራሻ የሚሰጥ መመሪያ ካጋጠማችሁ ተዉት። መጀመሪያ አንድ ቨርዥን ዝቅ ያለውን ጫኑ፤ ማሻሻልን በኋላ ትለማመዱበታላችሁ።

ቨርቹዋልቦክስ ለምትጠቀሙ፦ በናት ሲገናኙ ሁሉም ማሽኖች 10.0.2.15 የሚል ተመሳሳይ አድራሻ ይይዛሉ። በናት ብቻ ወርከሩ ኮንትሮል ፕሌኑን አያገኘውም፤ ሁለተኛ ካርድ ተጨምሮም ኩብሌት የናቱን አድራሻ ከያዘ ኖዶቹ (የክላስተሩ ማሽኖች) ሁሉ ‘ሬዲ’ ይላሉ፤ ነገር ግን ወርከር ላይ ያለ ፖድ (አብረው የሚሠሩ ኮንቴይነሮች ቡድን) ሎግ ስትጠይቁ አይመጣም። ሁለተኛ ካርድ በሆስት ኦንሊ ጨምሩ፣ ክላስተሩን ስታስነሡ የኤፒአይ ማስታወቂያ አድራሻውን ከዚያ ካርድ ስጡ፣ በየኖዱም ለኩብሌት የኖድ አይፒውን ለይታችሁ ጻፉ።

የኔትወርክ ፕለጊኑ እስኪጫን ድረስ ኖዶቹ ‘ኖት ሬዲ’ መሆናቸው፣ የክላስተሩ ዲኤንኤስ የሆነው ኮርዲኤንኤስም ‘ፔንዲንግ’ ማለቱ ትክክል ነው። ፕለጊን ስትመርጡ ካሊኮን ወይም ሲሊየምን ውሰዱ፤ ፍላኔል ኔትወርክ ፖሊሲን (የፖዶችን የትራፊክ ሕግ) በራሱ ስለማያስፈጽም የጻፋችሁት ሕግ ይሥራ አይሥራ አታውቁም። ካሊኮ በተለምዶ የሚሰጠው 192.168.0.0/16 ከቤት ዋይፋይ ጋር ይጋጫል፤ 10.244.0.0/16 ስጡት። ወርከር የሚገባበት ቶከን በ24 ሰዓት ያልፍበታል፤ በማግስቱ ካልሠራ ‘ኩብኤዲኤም ቶከን ክሪኤት’ ብላችሁ የመግቢያ ትእዛዙን እንዲያትምላችሁ አድርጉ።

ማፍረስ

እዚህ ላይ የዝግጅታችሁን ግማሽ ጊዜ አጥፉ። አንድ ነገር አበላሹ፣ ምልክቱን ተመልከቱ፣ ሰዓት ይዛችሁ ጠግኑ። የሚቻል ከሆነ ጓደኛችሁ ያበላሽላችሁ፤ የት እንደተነካ የምታውቁት ብልሽት አያስተምርም።

ኢቲሲ ሥር፣ ኩቤርኔቲስ ፎልደር ውስጥ፣ ማኒፌስትስ የሚባል ቦታ አለ። የኤፒአይ ሰርቨሩን ፋይል ከፍታችሁ የኢቲሲዲን ፖርት ከ2379 ወደ 2378 ቀይሩ። ኩብሌት ፎልደሩን በየ20 ሴኮንዱ ስለሚያይ ትንሽ ጠብቁ። ከዚያ የክላስተሩ ማዘዣ መሣሪያ ኩብሲቲኤል 6443 ላይ ‘ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ’ ይላችኋል። አሁን ኩብሲቲኤል አይረዳችሁም፤ ‘ክሪሲቲኤል ፒኤስ’ን ከነሞቱት ኮንቴይነሮች አስዘርዝሩ፣ የሞተውን ሎግ አንብቡ። ኮንቴይነሩ ጭራሹን ካልተፈጠረ ፋይሉ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ መልሱ ያለው በኩብሌት ጆርናል ውስጥ ነው።

ፋይል ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ መያዝ ጥሩ ልማድ ነው፤ ኮፒውን እዚያው ማኒፌስትስ ውስጥ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ኩብሌት በነጥብ ከሚጀምሩት በቀር በፎልደሩ ያለውን ፋይል ሁሉ ያነባል፤ የስሙ መጨረሻ ምንም ቢሆን አይለይም። ያልተስተካከለው አሮጌ ፋይል ከአዲሱ ጋር ይጋጫል፣ ጥገናችሁም ያልሠራ ይመስላል። ኮፒውን ወደ ሩት ፎልደር ውሰዱት።

ምልክቶቹን ለይታችሁ ልመዱ። ፖድ ‘ፔንዲንግ’ ሆኖ ኤቨንት ምንም ከሌለው ፖድን ለኖድ የሚመድበው ስኬጁለር ሞቷል፤ ‘ፌይልድ ስኬጁሊንግ’ የሚል ኤቨንት ካለው ግን ስኬጁለሩ አለ፣ ቦታ ወይም ቶለሬሽን ነው የጠፋው። ዲፕሎይመንት ስኬል አድርጋችሁ የፖዱ ቁጥር ካልተንቀሳቀሰ ወደ ኮንትሮለር ማኔጀር ሂዱ። በፖድ አይፒ ደርሶ በሰርቪስ አይፒ የማይደርስ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሰርቪሱን ኢንድፖይንት እዩ፤ ባዶ ከሆነ ሴሌክተሩ ከሌብሉ ጋር አልገጠመም፣ ሞልቶ ካልሠራ ኩብ ፕሮክሲን ጠርጥሩ። ኖድ ‘ኖት ሬዲ’ ሲል ወደ ኖዱ ግቡ፣ የኩብሌትንና የኮንቴይነርዲን ሁኔታ ጠይቁ፣ ከዚያ ጆርናሉን ከታች ወደ ላይ አንብቡ። የተሳሳተ የሰርተፊኬት ፋይል ስም በብዛት የሚገኘው ቫር ሊብ ኩብሌት ውስጥ ባለው ኮንፊግ ያምል ነው።

ኔትወርክ ፖሊሲ ላይ የተለመደው ስሕተት ወጪ ትራፊክን ሁሉ ዘግቶ ዲኤንኤስን መርሳት ነው። ፖርት 53ን በዩዲፒም በቲሲፒም ክፈቱ። ስቶሬጅ ላይ ደግሞ ፒቪሲ (የማከማቻ ጥያቄ) ‘ፔንዲንግ’ ሁሉ ብልሽት አይደለም፤ ስቶሬጅ ክላሱ ‘ዌይት ፎር ፈርስት ኮንሲውመር’ ከሆነ ፖድ እስኪጠቀምበት ይጠብቃል።

ማሻሻልን ቢያንስ አምስት ጊዜ ሥሩት። ማይነር ቨርዥን አይዘለልም። በቅድሚያ ሪፖዚተሪውን ቀይሩ፣ ኩብኤዲኤምን አሻሽሉ፣ ፕላኑን አይታችሁ አጽድቁ፣ ኖዱን ድሬይን አድርጉ (ፖዶቹን አስወጡ)፤ ዴሞንሴቶችን (በየኖዱ የሚሠሩ ፖዶችን) እለፍ ማለትን ካልጨመራችሁ ይቆማል። ቀጥሎ ኩብሌትንና ኩብሲቲኤልን አሻሽሉ፣ ዴሞን ሪሎድና ሪስታርት አድርጉ። አንኮርደን ማድረግን (ኖዱን ለፖድ መልሶ መክፈትን) የሚረሳው ብዙ ሰው ነው፤ ሥራው ሁሉ ትክክል ሆኖ ኖዱ ተዘግቶ ይቀራል።

መሥሪያ ቤትና ክላውድ ሲገናኙ

ይህ በቀጥታ ላይጠየቅ ይችላል፤ ሥራ ላይ ግን የመጀመሪያው ራስ ምታት ነው፣ የኔትወርኩንም 20 በመቶ በደንብ ያስረዳል። አንድ ርካሽ የክላውድ ማሽን ተከራይታችሁ ዋየርጋርድ በተባለ ቪፒኤን ከቤታችሁ ክላስተር ጋር አገናኙት።

የፖድ፣ የሰርቪስ እና የሁለቱም ወገን ኔትወርክ አድራሻዎች አለመደራረባቸውን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የፖዱን ክልል ከተተከለ በኋላ መቀየር እንደገና ከመትከል አይሻልም። ከወርከር ወደ ኮንትሮል ፕሌን 6443፣ ከኮንትሮል ፕሌን ወደ ወርከር 10250 ክፈቱ። ሁለተኛው ሲዘጋ ኖዱ ‘ሬዲ’ እያለ ሎግና ኤግዜክ ብቻ እምቢ ይላሉ።

ትንሽ ፒንግ አልፎ ትልቅ የዌብ መልስ ተንጠልጥሎ ከቀረ የኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ነገር ነው። የዋየርጋርድ የተለመደ ኤምቲዩ 1420 ነው፤ የፖዶቹን ፓኬት የሚጠቀልለው ቪኤክስላን በላዩ 50 ባይት ይወስዳል፣ ለፖዱ የሚቀረው 1370 ነው። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ ከፖድ ወደ ፖድ 1342 ባይት ፒንግ ላኩ፤ ከ28 ባይት ራስጌ ጋር 1370 ይሆናል። ያ ካለፈ ልኩ ደርሷል። የኢቲሲዲ አባላትን ግን በሁለቱ ቦታዎች መካከል አትበትኑ፤ የልብ ምቱ በተለምዶ በየ100 ሚሊሴኮንዱ ነው፣ አንድ ሴኮንድ ሙሉ ዝም ከተባለ አዲስ መሪ ይመረጣል። ቀርፋፋ መስመር ላይ ምርጫው አያባራም።

ፍጥነት

120 ደቂቃ ለ16 ጥያቄ ሲካፈል ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ያምል (የማዋቀሪያ ፋይል) ከባዶ አትጻፉ፤ ኩብሲቲኤልን በ‘ድራይ ረን ክላየንት’ አስኪዱና ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩ፣ ከዚያ የጎደለውን ጨምሩ። የአንድን ዘርፍ ስም ስትረሱ ‘ኩብሲቲኤል ኤክስፕሌይን’ ከድረ ገጽ ፍለጋ ይፈጥናል። የኩቤርኔቲስ ኦፊሴላዊ ሰነድ በፈተናው ላይ ይፈቀዳል፤ የራሳችሁ ቡክማርክ ግን ስለማይኖር የፐርሲስተንት ቮሉም፣ የኔትወርክ ፖሊሲና የኤችቲቲፒ ራውት ምሳሌዎች በምን ቃል ፈልጋችሁ እንደምታገኟቸው ከወዲሁ ልመዱ።

እያንዳንዱ ጥያቄ በኤስኤስኤች የሚገባበት የራሱ ማሽን አለው። ስትጨርሱ ‘ኤግዚት’ ብላችሁ ወደ መነሻው ተመለሱ፤ የተሳሳተ ማሽን ላይ የተሠራ ትክክለኛ መልስ ዜሮ ነው። ስምንት ደቂቃ አልፎ ያልገባችሁን ምልክት አድርጋችሁ እለፉት። በተርሚናሉ ውስጥ ኮፒና ፔስት ከሺፍት ጋር ነው፤ ኮንትሮል ሲ ብቻ ከነካችሁ የሚሠራውን ትእዛዝ ታቋርጣላችሁ።

ክፍያ፣ መታወቂያና ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2025 ዋጋው 445 ዶላር ነበር፤ በውስጡ አንድ ነፃ ድጋሚ ፈተናና ሁለት የኪለር ሼል (የፈተና ማስመሰያ) መለማመጃ አለ። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው። ካልቸኮላችሁ የሳይበር መንደይ ቅናሽ የሚወጣበትን የኅዳርን አጋማሽና መጨረሻ ጠብቁ። ከገዛችሁ በኋላ ለመቀመጥ 12 ወር አላችሁ፤ ሰርተፊኬቱ ለሁለት ዓመት ይጸናል። መለማመጃው እያንዳንዱ 36 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ከእውነተኛው ፈተና ይከብዳል፤ አንዱን ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ሌላውን በመጨረሻው ሳምንት ክፈቱ። በመጀመሪያው ውጤት አትደንግጡ።

መታወቂያ ላይ ፓስፖርት ይሻላል። ስማችሁን ስትመዘግቡ በፓስፖርቱ ላይ ካለው የላቲን አጻጻፍ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለ አትተዉት፤ ተስፋዬ በአንዱ በአንድ ኤስ፣ በሌላው በሁለት ኤስ ከተጻፈ ጣጣ ነው። ቀጠሮው የሚያዘው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፦ ኢትዮጵያ ላላችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 14፡00 ነው። ከ30 ደቂቃ በፊት ገብታችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፤ ክፍሉን በካሜራ ማሳየት ጊዜ ይወስዳል። ጠረጴዛው ባዶ፣ ስክሪኑ አንድ፣ ውኃው መለያ በሌለው ግልጽ ጠርሙስ ይሁን። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ የሚቆይ፣ ራውተሩም በመጠባበቂያ ኃይል የተያዘ መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ፈትሹ።

ውጤቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በኢሜይል ይመጣል። ካላለፋችሁ የትኞቹ ሥራዎች እንዳስቸገሯችሁ ትዝታው ሳይደበዝዝ በዚያው ቀን ለራሳችሁ ጻፉ፣ ክላስተራችሁ ላይ ደግማችሁ ሥሩአቸው፤ ነፃውን ድጋሚ የ12 ወሩ ጊዜ ሳያልቅ ቅጠሩ።