ብጉር ሕይወት ላይ ያለውን ጫና እንዴት እንለካለን? ለታካሚውስ ምን እንንገረው?

ግንባሯ ላይ ሦስት ብጉር ብቻ ይዛ ከሰርግ የምትቀር ልጅ አለች። ፊቱን ሙሉ ወርሶት ግድ የማይሰጠውም አለ። ስለዚህ ክሊኒክ የምትሠሩ ሰዎች፣ ፊቱን አይታችሁ ብቻ «ቀላል ነው» አትበሉ። ለኩት።

መለኪያው ዲኤልኪውአይ (DLQI) የሚባል፣ የቆዳ ሕመም የዕለት ኑሮን ምን ያህል እንደሚጫን የሚጠይቅ መጠይቅ ነው። ዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ታተመ። ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ያገለግላል። 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ስላለፈው ሳምንት ይጠይቃሉ። ከ16 ዓመት በታች ላሉ የልጆች ቅጽ አለላቸው። ለብጉር ብቻ የተሠራ፣ 5 ጥያቄ ያለው ካዲ (CADI) የሚባል መጠይቅም አለ። ግን አንዱ ጥያቄው ስለ ዋና ልብስ ነው፤ ዋና ገብቶ ለማያውቅ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ዲኤልኪውአይ ደግሞ በአማርኛ ተተርጉሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ በፖዶኮኒዮሲስ (በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣ የእግር እብጠት) ታማሚዎች ላይ ተፈትሿል። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

አስቸጋሪው ማስሞላቱ ነው። ወጣት ታካሚ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጋር ይመጣል። እናት ደግሞ ልጇን ቀድማ ትመልሳለች፦ «ኧረ ደህና ናት፣ የጉርምስና ነው፣ ስታገባ ይጠፋል።» ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እናት አጠገብ ተቀምጣ ይህን በእውነት የሚሞላ የለም። «እማማ፣ እስኪ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» በሉ፤ አይቀየሙም።

ሁለተኛው ችግር ይሉኝታ ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለምዶብናል፤ ወረቀቱ ላይም ያው ይደገማል። ወረቀቱን ሰጥታችሁ ዞር በሉ፣ ራሷ ትሙላ። ማንበብ ለማይችል አንብቡለት፤ ግን ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል አታሳምሩት። «ያን ያህል አላስቸገረህም አይደል?» ካላችሁት መልሱን ሰጥታችሁታል።

ከዚያ ደምሩ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነው፤ «አይመለከተኝም» 0 ነው። ድምሩ እስከ 5 ከሆነ ጫናው የለም ወይም ትንሽ ነው፣ ከ6 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ11 እስከ 20 ከባድ፣ ከዚያ በላይ እጅግ ከባድ። መጠይቁ ግን ስለ ተስፋ መቁረጥ በቀጥታ አይጠይቅም። ከሰው የራቀ፣ ትምህርት የተወ ካለ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ፊት ለፊት ጠይቁት፤ ካለ የዚያኑ ቀን ለአእምሮ ጤና ባለሙያ አስተላልፉት።

ማስተማሩ ላይ አታብዙ። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፤ ፊትን በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ፤ እኔን ቢጠይቁኝ ያለ ማዘዣ ባይሸጡ ደስ ይለኝ ነበር። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለው የብጉር ቅባት ጨርቅ ያነጣል፤ ነጭ የትራስ ልብስ ይጠቀሙ። መድኃኒቱ ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ላይ በስሱ ይቀባል።

አንዱን ግን አስረግጣችሁ ንገሩ፦ ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥል ብዙ ነው። የሚቀረው ጥቁር ምልክት ብጉር አለመሆኑን፣ ለመጥፋትም ወራት እንደሚወስድ፣ ፀሐይ እንደሚያብሰው ጨምሩበት።

ሲመለስ ያንኑ መጠይቅ ድጋሚ አስሞሉ። ውጤቱ በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ በእርግጥም ተሽሎታል። ፊቱ ጠርቶ ቁጥሩ ካልወረደ ደግሞ ወንበር ስባችሁ አነጋግሩት።