ቦነስ አይረስ ለምትመጡ፦ ፔሶ ከማጠራቀማችሁ በፊት

በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ደሞዜን በፔሶ፣ በአርጀንቲና ገንዘብ፣ ነው የሚከፍሉኝ፤ ባንክ ላስቀምጠው?» አራተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀ። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ አታስቀምጡ። ግን የከተማውን ታሪክ ካላወቃችሁ ምክሩን በአንድ ጆሯችሁ ሰምታችሁ በሌላው ታፈሱታላችሁ። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። (ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ ነው፣ እንዳትምታቱ።)

የመኖሪያ ወረቀቱን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ስለሱ ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት ሬቲሮ ሰፈር ነው፣ ወደቡ አጠገብ። እዚያው ጎን «የስደተኞች ሆቴል» የሚባል ትልቅ አሮጌ ሕንፃ አለ። ከ1911 እስከ 1953 ከጣሊያን ከስፔን በመርከብ የመጣ ሰው አልጋና ምግብ በነጻ ያገኝበት ነበር። አሁን ሙዚየም ነው፤ እኛ ከጎኑ ቆመን ወረቀት እንጠብቃለን። ማመልከቻችሁ ሲገባ ፕሬካሪያ የሚሉትን ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጧችኋል። ፕሬካሪያ ቀን አለው፣ ቀኑም ያልፋል። ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉ እባካችሁ! ባለፈው አንድ ልጅ አሳለፈውና «ይቅር ይሉኛል ብዬ» አለኝ። ማን ነው ይቅር የሚልህ? ደግሞ ከድሮ ሰው የሰማችሁትን ሁሉ አትመኑ። በ2004 የወጣው ሕግ መሰደድን የሰው ልጅ መብት ነው ይል ነበርና ያኔ የመጣ ሰው «እዚያ ቀላል ነው» ይላችኋል። በሜይ 2025 ግን በድንጋጌ ብዙ ነገር አጥብቀውታል። ሰነዶቻችሁን አዲስ አበባ ሳላችሁ አረጋግጣችሁ ኑ፤ እዚህ ደግሞ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ማኅተም ያስፈልጋል፣ የጓደኛ ትርጉም አይሠራም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

በ2023 ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጥብ ነበር። ዴኔኢ የሚሉትን መታወቂያ ገና መያዜ ነው፣ የባንክ ደብተርም ከፈትኩ። ሜይ ላይ ባንኩ ውስጥ ያለው ልጅ «ፕላሶ ፊሆ አድርገው» አለኝ። ገንዘቡን ለ30 ቀን ትዘጋዋለህ፣ ወለድ ይጨመርልሃል። ወለዱስ? በዓመት 97 ከመቶ! አስቡት፣ አገር ቤት 7 ከመቶ ለሚያውቅ ሰው። ሀብታም ልሆን ነው ብዬ እየበረርኩ ቤት ገባሁና ለአከራዬ ነገርኳቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወለድ የሚሰጡህ ስለሚወዱህ ነው?» አሉኝ።

አልሰማኋቸውም። በየወሩ እየታደሰ ገባ። ኦገስት 13፣ እሁድ፣ ቅድመ ምርጫ ሆነና ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሚሌይ አንደኛ ወጣ። ሰኞ ጠዋት መንግሥት ዶላሩን በአንዴ ወደ 350 ፔሶ አወጣው። መንገድ ላይ፣ ማለት በጥቁር ገበያ፣ 600 አካባቢ የነበረው በዚያው ሳምንት ከ700 አለፈ። የኔ ገንዘብ ደግሞ ሊከፈት ገና ሃያ ቀን ይቀረዋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዋጋ ሲቀይሩ እያየሁ፣ ገንዘብ እያለኝ ማውጣት አልችልም። ዘጠና ሰባት ከመቶ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር 8 ከመቶ ነው፤ የኦገስት የዋጋ ጭማሪ ብቻ 12.4 ነበር፣ የሴፕቴምበር 12.7። ይህን ሒሳብ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል፤ እኔ ግን 97 የሚለውን ብቻ ነው ያየሁት። ኦክቶበር ላይ፣ ሜይ ላይ ከ500 በታች የነበረው የመንገድ ዶላር 1000 ገባ። ያን ጊዜ አወጣሁት። ወለዱን ደምሬ እንኳ በዶላር ስቆጥረው ከሩብ በላይ ቀልጧል። ለእናቴ የዓይን ሕክምና ያሰብኩት ገንዘብ ነበር። ዲሴምበር ላይ አዲሱ መንግሥት ሲገባ ዶላሩን ከ366 ወደ 800 አደረገው፤ የዚያ ወር ጭማሪ 25.5 ከመቶ፣ የዓመቱ 211.4። ያኔ እንኳ ትንሽ ብልጥ ሆኜ ነበር።

ሴትዮዋ ትንቢት አልተናገሩም፣ የደረሰባቸውን ነው የነገሩኝ። ከ1991 ጀምሮ አንድ ፔሶ አንድ ዶላር ነው ተብሎ አሥር ዓመት ተኖረ። ባለቤታቸው ጡረታቸውን በዶላር ባንክ አስቀመጡ። ዲሴምበር 2001 ላይ መንግሥት «በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ በጥሬው ማውጣት አይቻልም» አለ። ኮራሊቶ ይሉታል፣ ትንሿ በረት እንደማለት። ሕዝቡ ድስትና መጥበሻ እየደበደበ አደባባይ ወጣ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በመላው አገር ወደ 39 ሰው ሞተ፣ ፕሬዚዳንት ደ ላ ሩዋ ከቤተ መንግሥቱ ከካሳ ሮሳዳ ጣሪያ ላይ በሄሊኮፕተር ወጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣኑ በአምስት ሰው እጅ ዞረ። ከዚያ ባንክ ያለው ዶላር በ1.40 ወደ ፔሶ ተቀየረ፤ በገበያ ግን ዶላሩ በዚያው ዓመት 3 ፔሶ አለፈ። ከዚያም በፊት በ1989 ግሽበቱ ከ3000 ከመቶ በላይ ነበር። እዚህ ሰው ዶላር ፍራሽ ስር የሚያስቀምጠው ኋላ ቀር ስለሆነ አይደለም። ጁላይ 2024 ብር ሲንሳፈፍ አገር ቤት የነበረ ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ፦ የወሩን ወጪ በፔሶ ያዙ፣ የተረፈውን ቀይሩ። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ግለሰብ በባንክ በሕጋዊ መንገድ ዶላር መግዛት ይችላል፣ ከመንገዱም ዋጋ ብዙ አይለያይም። ፍሎሪዳ መንገድ ላይ «ካምቢዮ፣ ካምቢዮ» (ምንዛሪ፣ ምንዛሪ) የሚሉትን አርቦሊቶዎች፣ የመንገድ መንዛሪዎች፣ ዛሬ መከተል ለሐሰተኛ ኖት ራስን መስጠት ነው። ከአገር ቤት ዶላር ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ባለ 100ው ትልቅ ፊት ያለው ይሁን። የድሮውን ባለ ትንሽ ፊት እዚህ ቀንሰው ነው የሚገዙት።

ቤት ለመከራየት ጋራንቲያ ይጠይቋችኋል፣ ማለት እዚሁ የራሱ ቤት ያለው ዋስ። የለንም። መጀመሪያ ላይ አንድ ክፍል ብቻ ነው የምትከራዩት፣ በቃ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ለምን ሁልጊዜ ሰልፍ አለ?» ነው። ቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው አደባባይ፣ ፕላሳ ደ ማዮ፣ ሂዱ። በ1810 ከስፔን ንጉሥ ሹም የተላቀቁት እዚያ ነው፤ በ1945 ሠራተኛው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፔሮን ከእስር ይፈታልን ብሎ የሞላው እዚያ ነው፤ በ1955 የገዛ አገራቸው አውሮፕላኖች ሕዝቡን ቦምብ የጣሉበትና ከ300 በላይ ሰው የሞተበትም እዚያ ነው። ሐሙስ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶች ታያላችሁ። በ1976 ወታደሩ ሥልጣን ይዞ ልጆቻቸውን አፈሰ፤ እነሱ ከኤፕሪል 1977 ጀምሮ «ልጄ የት አለ?» እያሉ ይዞራሉ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ ሽብር ነበር፣ እናት ለልጇ ጮኻ ማልቀስ አትችልም። እኔ መጀመሪያ ቀን ሳያቸው አክስቴን አስታወስኩ፤ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም፣ ወደ ቤት ሄድኩ።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። አንድ የኛ ልጅ ሰው ቤት ራት ተጋብዞ «በወታደሩ ዘመን ሠላሳ ሺህ ሰው ጠፋ የሚሉት የተጋነነ ነው አሉ» ብሎ ወሬ ጀመረ። ቁጥሩ እዚህ የፖለቲካ ጦርነት ነው፤ በ1984 የወጣው የጠፉትን የመረመረው ኮሚሽን ሪፖርት በስም የያዘው 8,961 ነው፣ ራሱም ያልተሟላ ነው ብሏል፣ የመብት ድርጅቶች 30 ሺህ ይላሉ። የቤቱ አባት ወንድማቸው ከጠፉት አንዱ ነበሩ። ማንም አልጮኸበትም። ዳግመኛ ግን አልጠሩትም። ኤስማ የሚባለው የማሰቃያ ቦታ አሁን ሙዚየም ነው፣ ኑኝዬስ ሰፈር፤ ከመናገራችሁ በፊት አንዴ እዩት። ከእንግሊዝ ጋር የተዋጉባቸውን ደሴቶችም ፎክላንድ አትበሉ፣ ማልቪናስ ነው። በ1982 ጦርነት 649 ልጆቻቸው ሞተዋል። ስለ ፔሮን አስተያየት ከተጠየቃችሁ «እኔ እንግዳ ነኝ» በሉና ሥጋችሁን ብሉ።

ስለ ቀለማችን። «አርጀንቲና ውስጥ ጥቁር የለም» ይሏችኋል፣ ፊት ለፊታችሁ ቆመው። በ1810 አካባቢ ከከተማው ነዋሪ ሲሶ የሚሆነው ጥቁር ነበር፤ ሳን ቴልሞና ሞንሰራት የእነሱ ሰፈር ነበሩ። ክርክር አልወድም፣ ስለዚህ በ2024 የወጣውን ባለ 10 ሺህ ፔሶ ኖት አወጣለሁ። ከጄኔራል ቤልግራኖ ጎን ያለችው ማሪያ ሬሜዲዮስ ዴል ባዬ ናት፤ ለነጻነት የተዋጋች ጥቁር ሴት፣ የአገሪቱ እናት የሚሏት። ከኪሳቸው ነው የማሳያቸው። ደግሞ «ኔግሮ» ብለው ሲጠሯችሁ ወዲያው አትጣሉ። ነጭ ወንድማቸውንም በቁልምጫ እንደዚያው ይጠሩታል። ስድብ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ድምፁ ይነግራችኋል።

የስፓኒሽ መጽሐፍ አገር ቤት አጥንታችሁ ከመጣችሁ «ዮ» ያላችሁትን እዚህ «ሾ» ይሉታል፣ አትደንግጡ። ራት ማታ አራት ሰዓት ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። ወንድ ለወንድ ጉንጭ መሳሳም አለ፤ እኛ ሦስት ስንስም እነሱ አንድ ናቸው፣ ሁለተኛውን አየር ላይ እንዳትስሙ።

ማቴ፣ ቅጠሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው የሚጠጡትን፣ ሲያቀርቡላችሁ ደግሞ አንድ ዕቃ፣ አንድ መምጠጫ ነው፣ ከሁሉ ጋር ተራ በተራ። እንደ ቡናችን ነው ብዬ፣ አከራዬ የመጀመሪያውን ሲያቀብሉኝ አጎንብሼ «ግራሲያስ» አልኳቸው። እዚህ «ግራሲያስ» ማለት «በቃኝ» ነው። እየጠጡ፣ እያወሩ፣ ቴርሞሱን እስኪጨርሱ ድረስ ለኔ ሳይደርሰኝ ቀረ።