የጥቅሉ መጋጠሚያ ለምን ይላቀቅ እንደነበር

ኮምቦልቻ ውስጥ በሞዴስ ማምረቻ የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ፈሳሽ መጣጩ ጥቅል አልቆ አዲሱን ስናጋጥም መጋጠሚያው ሮለሮቹ መሐል ይላቀቅብናል፤ ማሽኑ ይቆማል፤ እኔም እወቀሳለሁ።

መጀመሪያ በሙቀት ለማጣበቅ ሞከርኩ፤ የላይኛው ስስ ሽፋን እንዲያ ይያያዛልና። ሞኝነት ነበር። ሽፋኑ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። የእኛ መጣጭ ግን በአብዛኛው ሴሉሎስ፣ ማለትም የእንጨት ቃጫ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ያተረፍኩት የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ የምናጋጥምበትን ቴፕ ረገምኩ። የተላቀቀውን ቁራጭ ለዋናው መካኒክ ሳሳያቸው ገልብጠው አዩት፤ ፊቱ በነጭ ብናኝ ተሸፍኗል። «አንተ ልጅ፣ ያጣበቅኸው እኮ መጣጩን ሳይሆን አቧራውን ነው» አሉኝ።

አሁን ጫፎቹን በቫኪዩም አጸዳለሁ፤ ቴፑን ከላይም ከታችም አደርግና በእጅ ሮለር አጥብቄ እጫናለሁ። በጣት መዳበስ አይበቃም። ጫፎቹንም ቀጥ አድርጌ ሳይሆን ሰያፍ እቆርጣለሁ፤ ውጥረቱ በአንድ መስመር ላይ አያርፍም፣ የቴፑ ውፍረትም ሮለሩን በአንድ ጊዜ አይመታውም። እርግጥ ሰያፉ ብዙ ሞዴስ ስለሚነካ የሚጣለው ይጨምራል፤ ማሽን ከሚቆም ግን ይሻለኛል።

ቴፑንም ሰማያዊ አደረግነው፤ መጋጠሚያ ያለበት ሞዴስ ካርቶን ውስጥ ሳይገባ በዓይን ይለያል።