ኮፍያውን ካባ ያደረገችው ፊደል፦ ለልጆቻችን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ

ልጃችሁ ከአዲሱ ትምህርት ቤቱ ይዞ ከሚመጣቸው ወረቀቶች አንዱ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቃላት የተደረደሩበት ዝርዝር ነው። በብዙ የአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዝርዝሩ ሰኞ ይሰጥና ዓርብ ፈተና ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናደርገው እኛ የተማርንበትን ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ሃያ ጊዜ እንዲገለብጥ እናዝዘዋለን። ልጁ ዓርብ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ቃሉ ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ልጄን እንዲህ አድክሜያታለሁ።

ነገሩ የስንፍና አይደለም። በፊደላችን ማንበብ የጀመረ ልጅ «በ»ን የትም ቢያገኛት «በ» ናት፤ ከጎኗ ማንም ቢቆም ድምጿ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን ከ40 የሚበልጡ ድምፆቹን የሚጽፈው በ26 ፊደላት ነው። ስለዚህ ፊደሉ ብቻውን አይነበብም፤ ጎረቤቱ ይታያል። ይህን ልዩነት ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። አስተማሪዋ ጎበዝ ብትሆንም ፊደላችንን አታውቀውም።

አንድ ቁራጭ ወረቀት ውሰዱ። ሲ፣ ኤ፣ ፒ ብላችሁ ጻፉበት፤ «ካፕ» ይነበባል፣ ኮፍያ ማለት ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ ትታችሁ ኢ የምትባለውን ፊደል ጻፉና ወደ ኋላ እጠፏት። ልጁ መጀመሪያ «ካፕ» ይበል። ከዚያ እጥፋቱን ዘርጉት። ኢ ራሷ ድምፅ አታሰማም፤ ከአንድ ፊደል ወዲያ ያለው ኤ ግን በገዛ ስሙ እንዲጠራ ታደርገዋለች። ቃሉ «ኬፕ» ይሆናል፤ ኮፍያው ካባ ሆነ። ልጄ ያን ቀን ማታ ወረቀቷን እያጠፈችና እየዘረጋች «ኮፍያ፣ ካባ፣ ኮፍያ፣ ካባ» ስትል እራቷ ቀዘቀዘ። በማግስቱ «ፒን»ን «ፓይን» ለማድረግ ማንም አላገዛትም።

ይህ ሥርዓት ከገባው ቀጣዩ በር ራሱ ይከፈታል። መዝለል «ሆፕ» ነው፣ ተስፋ ማድረግ «ሆውፕ»። መጨረሻቸው ላይ «ኢንግ» ሲቀጠል ኢ ትወድቃለች፤ ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? የመዝለሉ ቃል ፒ የምትባለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ የተስፋው አንድ ጊዜ። እዚህ ላይ እኛ ወላጆች ልጁን እናሳስተዋለን። ሁለት ፒ ስናይ በአማርኛ ልማዳችን አጥብቀን እናነባለን። «አለ» ብለን ስንጽፍ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ለእኛ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣል። በእንግሊዝኛ ግን ድርቡ ፒ ጠብቆ አይነበብም። ሥራው ከፊቱ ያለው ኦ አጭር ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ነው፤ እንደ አጥር ቁጠሩት።

ከሥርዓቱ የሚወጡ ቃላት ይመጣሉ፤ አትደንግጡ። «ሃቭ»፣ «ጊቭ» እና «ላቭ» መጨረሻቸው ላይ ኢ አላቸው፣ ድምፃቸው ግን አይረዝምም። ምክንያቱም የእንግሊዝኛ ቃል በቪ መጨረስ አይወድም፤ ኢ እዚያ የተቀመጠችው ቪ ብቻዋን እንዳትቀር ነው። ምክንያት የማይገኝላቸውን ግን ልጁ በዓይኑ ይያዛቸው፦ ቃሉን አይቶ፣ በእጁ ሸፍኖ፣ ከአእምሮው ጽፎ፣ ከፍቶ ያመሳክር። በቀን ሦስት ቃል ይበቃል።

«ሌሊት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ጂ እና ኤች፣ «ቢላዋ» በሚለው መጀመሪያ ላይ ኬ ለምን ተጻፉ ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርም። «ፀሐይ» ብላችሁ ጻፉለት። ሐ በግዕዝ ከሀ የተለየ ድምፅ ነበራት፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሏ ቀረች። የእንግሊዝኛውም ታሪክ ይኸው ነው። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ኬዋም ትነበብ ነበር። ልጄ ይህን ስትሰማ የቃሉ ስሕተት የእሷ አለመሆኑን ስላወቀች ትከሻዋ ቀለል ሲል አይቻለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ በዝርዝሩ ሥር የእያንዳንዱን ቃል ንባብ በአማርኛ ፊደል አትጻፉለት። መርከብም በግም «ሺፕ» ይሆኑበታል፣ ሁለቱ ግን በድምፅም በአጻጻፍም ይለያያሉ። ቲ እና ኤች አንድ ላይ የሚሰጡት፣ ምላስ ከጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚነገረው ድምፅም በፊደላችን የለም። ለድምፁ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተነበቡ የሚደመጡ የልጆች መጻሕፍትን ተዋሱ፤ መታወቂያ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጣል። አነጋገራችሁ እንዳያበላሸው ብላችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ አማርኛውንም ከቤት አታስወጡት። ሥርዓቱን የምታስረዱበት መሣሪያ እሱ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ስትነጋገሩ «የዚህ ሳምንት ቃላት የሚያስተምሩት ሥርዓት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 በሳን ፍራንሲስኮ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ እንግሊዝኛ የማይችልን ልጅ ያለ እገዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። በዋሽንግተን ዲሲ እንግሊዝኛ የማይችሉ ሰዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲያገኙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ አለ፤ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። እገዛ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ገና ከመጀመሪያው ቀን ደግሞ የልጃችሁን ስም አስቡበት። «ከበደ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው ኢ ነው፤ አስተማሪዋም በሥርዓቷ መሠረት ኢዋን ውጣ «ኬቢድ» ልትለው ትችላለች። ስታስመዘግቡት ስሙን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ጥሩላት፣ እሷም መልሳ ትጥራው። የወረቀቱን እጥፋት የተማረ ልጅ የቀረውን ራሱ ያስረዳታል፦ «በእኔ ስም ውስጥ ኢዋ ትነበባለች።»